የአራሷ ቤት ከሰል

የልጅ ልጆቼ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይታዘቡኛል። መብራት ጠፍቶ ከሰል ወደ ቤት የገባ እንደሆነ፣ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። «ብርድ ገባ እኮ፣ እማዬ» ይሉኛል። እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ጋቢዬን እደርባለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን ትንሿ ተቆጣች። «ወይ ዝጊው፣ ወይ ምክንያቱን ንገሪን» አለች። ነገርኳቸው። ስጨርስ «ይኸ እኮ መጻፍ አለበት» አሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ዳስ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ እንደ አነጋገሬ ነውና ታገሱኝ።

ያን ጊዜ እግሬ ቀላል ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። መርፌ፣ ክር፣ ማበጠሪያ፣ ቅመም በስልቻ እየቋጠርኩ ከጎንደር ዳባት፣ ከዳባት ደባርቅ፣ ሲመቸኝም ሊማሊሞን ወርጄ እስከ አዲ አርቃይ እሄድ ነበር። ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቁኛል። «ታንጉት፣ ዛሬስ የት ልትጠፊ ነው?» ይሉኛል። «ማኪናህ እስከሚያደርሰኝ» እላቸዋለሁ።

ደባርቅ ላይ ማረፊያዬ የእትዬ ጥሩዬ ቤት ነበር። እትዬ ጥሩዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቁመተ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ቤታቸው ጣሊያን ሠርቶት የሄደ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። በጓዳው ግድግዳ ውስጥ ጣሊያን ለብርዱ እሳት የሚያነድበት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ከእሱም ጭስ ወደ ጣሪያ የሚያወጣ መንገድ ተሠርቶለታል። እትዬ ጥሩዬ ያንን ቀዳዳ በጭድና በጭቃ ደፍነውታል። «ከዚህ ንፋስ ሲገባ እንጂ ጭስ ሲወጣ አይቼ አላውቅም» ይሉ ነበር።

ልጃቸው ደሳለኝ ሚሊሻ ተብሎ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወስዷል። ሲሄድ ሚስቱ ስንዱ ነፍሰ ጡር ነበረች። «እማ፣ ስንዱን አደራ» ብሏቸው ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ስንዱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋት። «መጥቶ ሚስቱንና ልጁን ካላገኘ፣ እኔንም ባያገኘኝ ይሻላል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ሌሊቱን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል አድሮ፣ ጠዋት ከዳባት በጭነት ማኪና ደባርቅ ደረስኩ። ሐሳቤ ወደ አዲ አርቃይ መውረድ ነበር። ኬላው ላይ ግን ወታደር የጫነ ኮንቮይ ስለሚያልፍ ሌላ ማኪና አይንቀሳቀስም ተባለ። ስልቻዬን አዝዬ ወደ እትዬ ጥሩዬ ቤት ሄድኩ።

ስንዱን ወንድ ልጅ ወልዳ ጓዳ ተኝታ አገኘኋት። ሕፃኑ ገና ክርስትና አልተነሳም። የአራስ ቤት ወጉን ታውቁታላችሁ፤ በር አይከፈትም፣ ፀሐይ አይገባም፣ ብርድ እንዳይመታት ቀዳዳ ሁሉ ይወተፋል። እትዬ ጥሩዬ ደግሞ ወጉን ከሰው ሁሉ አብልጠው ነው የያዙት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ጠቅጥቀዋል። የማገዶ ጭስ የሕፃኑን ዓይን ይጎዳል ብለው እንጨት አላስገቡም። አንድ ዘመዳቸው ሹፌር ከአዲ አርቃይ ያመጣላቸው ከሰል ነበርና እሱን ነው የሚያነዱት። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ እስኪያልቅ ይራገባል፤ ፍም ሲሆን ይገባል። ስለ ከሰል ሁላችንም የምናውቀው ይኸን ብቻ ነበር። ጭስ ከሌለው ምን ክፋት አለው? እስከዚያ ቀን ድረስ በትንሽ የቆርቆሮ ምድጃ ነበር የሚያሞቋት።

በዚያ ጠዋት ብርቄ አዲስ ምድጃ ይዛ መጣች። ብርቄ ከከተማው በታች ካለው መንደር የመጣች ሸክላ ሠሪ ናት። ዛሬ ቤተ እስራኤል የምንላቸው ሰዎች ወገን ናት፤ ያን ጊዜ የምንጠራቸው በሌላ፣ በማያምር ስም ነበር። እቃቸውን እንገዛለን፤ ቤታቸው ግን አንበላም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው፣ ይባል ነበርና።

ምድጃው አፈ ሰፊ፣ የድሮውን ሁለት እጥፍ ከሰል የሚይዝ ነው። እትዬ ጥሩዬ ራሳቸው ናቸው ያዘዙት። ብርቄ ከደጃፉ ሳታልፍ አቀበለቻቸው። ስንዱ ከውስጥ ድምጿን ሰምታ «ብርቄ ነሽ? ነይ እንጂ፣ ልጄን እይልኝ» አለች። ስንዱ የዋህ ናት፤ ገና ልጅ ናት። ብርቄ አንገቷን ብቻ አስግጋ ሕፃኑን አየችና «ሸጋ ነው፣ ግንባሩ የአባቱ ነው» አለች። ከዚያም ሄደች። የእትዬ ጥሩዬ ፊት ሲጨልም አየሁ።

አዲሱ ምድጃ ከሰል ጢም ብሎለት ገባ። ሙቀቱ ደስ ሲል። እኔም በዝናብ የራሰ ልብሴን ላደርቅ ከስንዱ እግር ሥር ተቀመጥኩ።

«ጎንደር ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምን አዲስ አለ፤ ስብሰባ ነው። ሴቱ ስብሰባ፣ ወንዱ ስብሰባ። አሁን ደግሞ አህያውንም ሊሰበስቡት ነው ይላሉ።»

ሳቀች። «አንችስ አትሰበሰቢም?»

«የቱ ቀበሌ ያግኘኝ? እዚህ ሲፈልጉኝ እዚያ ነኝ።»

እንዲህ እየተጫወትን ቆየን። ከዚያ ራሴን ያመኝ ጀመር። ከንጋት ጀምሮ በጭነት ላይ ስንገላታ ስለመጣሁ ድካም ነው አልኩ። ስልቻዬን በረንዳ ላይ ትቼው ስለነበር ዝናቡ ቅመሜን እንዳያበሰብሰው ላነሳ ወጣሁ። ደረቁን ከእርጥቡ እየለየሁ ጥቂት ቆየሁ። ራሴን ተወኝ። ተመልሼ ገብቼ ገና ከመቀመጤ እንደገና ያዘኝ፤ አሁን ደግሞ ልቤንም አጥወለወለኝ።

«ታንጉት» አለች ስንዱ፤ «ዓይኔ ጭልም ጭልም አለብኝ።»

«ርቦሽ ይሆናል። እትዬ ገንፎ እያመጡልሽ ነው።»

«እንጃ፣ እግሬም የኔ አልመስል አለኝ» አለች። ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል ብላ አስመለሳት፤ እዚያው ዝልፍልፍ አለች። ስሟን ብጠራ አትሰማም።

እትዬ ጥሩዬ ገንፎውን እንደያዙ ደረሱ። አዩዋት። ሳህኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና «አይታዋለች ብዬ ነበር» አሉ። «ለሕፃኑ ስፈራ እናቱን በላችብኝ።»

ሌላ የሚጠይቁት ነገር አልነበረም። አንዷን ጎረቤት ወደ አያ ፈንታ ላኳት። አያ ፈንታ ቡዳ የሚያስለፈልፉ ሽማግሌ ናቸው። የቀበሌውን ጥበቃ መልኬን ደግሞ ብርቄን እንዲያመጣ ላኩት። እንደ አገሩ ወግ፣ የበላችው እንትፍ ካለችባት ትለቃታለች ነው። መልኬ ጠብመንጃውን እንዳነገተ በር ላይ ቆሞ «እትዬ ጥሩዬ፣ በአብዮቱ እኮ ቡዳ የሚባል ነገር ቀርቷል» አላቸው።

«ከቀረ ምነው ፈራህ? ሄደህ አምጣት።»

«የፈራሁ መሰለዎ?» አለና ሄደ፤ ግን ሌላ ሰው ጨምሮ ነው የሄደው።

አያ ፈንታ መጡ። ገብተው ስንዱ ራስጌ ተቀመጡና ጆሮዋ ላይ ጮኹባት። «ማን ነሽ? ከየት ያዝሻት? ተናገሪ።» ስንዱ ዝም። «እምቢ አለች። ብርቱ ናት ይችኛዋ» አሉ። ከኪሳቸው ሥርና ቅጠል አውጥተው ፍሙ ላይ በተኑ። «ከሰል ጨምሩበት። በሩን ጥብቅ አድርጉ፤ እጣኑ እንዳይወጣ» አሉ። ምድጃውን ወደ ስንዱ አስጠግተው ጋቢ ደረቡባት። እኔ ሕፃኑን ከጎኗ አነሳሁት። ክብደቱ ሌላ ሆነብኝ፤ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ።

«እትዬ፣ ልጁ አልነቃም።»

«ተኝቶ ነው፤ አትነካኪው።»

«እትዬ፣ ቤቱ ታፍኗል። ጥቂት በሩን ብንከፍተው?»

ዞር ብለው አዩኝ። «አንች መንገደኛ ነሽ፤ የአራስ ነገር ምን ታውቂያለሽ? ብርድ ገብቶባት ብትሞት ለደሳለኝ አንች ነሽ የምትመልሽለት?»

እውነታቸውን ነው። እንግዳ ነኝ፤ የራሴ ልጅ እንኳ በዚያ ጊዜ ጎንደር እህቴ ዘንድ ነበረች። ሕፃኑን እንዳቀፍኩ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ራሴ በመዶሻ እንደሚመታ ሆነ።

መልኬ ብርቄን አምጥቶ ወደ ውስጥ ገፋት፤ እሱ ራሱ ውጭ ቀረ። በረንዳው ላይ ሰው ተሰብስቦ ዱላ የያዘም እንዳለ ድምፁ ይሰማል። ብርቄ ነጠላዋ ተጨማዶ፣ እጇ ገና ጭቃ እንደያዘ ነው። በሩ ተዘጋ። ምድጃው አጠገብ፣ ከስንዱ ፊት አንበረከኳት።

«ትፊባት» አሏት እትዬ ጥሩዬ።

«እመቤቴ፣ እኔ ምንም አላደረግኩም።»

«ያደረግሽውን ጠየቅኩሽ? ትፊባት ነው ያልኩሽ።»

«ምራቄ የሚያድናት ከሆነ እተፋለሁ» አለች ብርቄ። «ግን አፌ ደርቋል።»

ያን ጊዜም አሁንም ሳስበው፣ ያች ሴት እንዲያ ያለችው ለማሾፍ አልነበረም። እውነትም ከፍርሃት የተነሳ አፏ ደርቆ ነው። አያ ፈንታ ውሃ በጣሳ ሰጧት። ተጉመጥምጣ እንትፍ አለች። ስንዱ ምንም። እንደገና አስተፏት። ምንም። «ትለቂያታለሽ ወይስ አትለቂያትም?» እያሉ አያ ፈንታ ጮኹ፤ ሲጮኹ ግን መሐል ላይ አቆሙና በእጃቸው ግንባራቸውን ያዙ። ብርቄ ወደ ፊት ወደ ኋላ ትወዛወዝ ጀመር። ፊቷ አመድ መሰለ። መሬቱን በእጇ ደግፋ አስመለሳት።

«ይኸው፣ ልትለቃት ነው» አሉ አያ ፈንታ፤ እሳቸው ግን ለመነሳት ግድግዳ ያዙ።

እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ። ስንዱ አስመለሳት፣ ወደቀች። እኔን ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ፤ ስወጣ ተወኝ፣ ስገባ ያዘኝ። ብርቄ ገና ከመግባቷ እንደ ስንዱ ሆነች።

«አያ ፈንታ» አልኩ፤ «ስንዱን የበላቻት ብርቄ ናት እንበል። ብርቄንስ ማን እየበላት ነው?»

እጃቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ።

«እርስዎንስ? ራስዎን ይዘዋል። እኔንስ? እኔን እኮ ከጠዋት ጀምሮ ይዞኛል፤ በረንዳ ስወጣ ይተወኛል። ቡዳ በረንዳ አይወጣም?»

እትዬ ጥሩዬ «ዝም በይ» አሉኝ። መናገሩን ትቼ ተነሳሁ። ሕፃኑን በነጠላዬ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት፤ በበሩ ሥር የተጠቀጠቀውን እርጥብ ጨርቅ መንጭቄ አወጣሁና በሩን በእግሬ ከፈትኩ። ጨርቁን በእጄ ጠምጥሜ ምድጃውን አነሳሁት። ከባድ ነው፤ እሳት ነው። እትዬ ጥሩዬ ከኋላ ቀሚሴን ያዙኝ፣ ቀሚሴ ተቀደደ፤ እኔ ግን ወጣሁ። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው እሳት ተሸክሜ ስመጣበት ገለል አለ። ከነፍሙ ዝናቡ ላይ ወረወርኩት። ሸክላው ተሰነጠቀ፤ ከሰሉም ጭሱን ለቀቀው።

ተመልሼ ስገባ ብርቄ እየተንገዳገደች ቆማለች። ምን እንደማደርግ አልጠየቀችኝም። እኔ በብብቷ፣ እሷ በእግሯ፣ ስንዱን ይዘን አወጣናት። አያ ፈንታም በራሳቸው ጊዜ ግድግዳ እየተደገፉ ተከተሉን። «አራስ በዝናብ» ብሎ ሰው ተንጫጫ። እትዬ ጥሩዬ ደረታቸውን እየመቱ «ገደለችብኝ፤ ታንጉት ልጄን ገደለችብኝ» ይላሉ። አንድ ሰው ዱላውን ከፍ ሲያደርግ አየሁ። በማን ላይ እንዳነሳው አላወቅኩም፤ በእኔ ይሁን በብርቄ። መልኬ መሐል ገብቶ «ተው፤ መጀመሪያ ሴትዮዋ ትሙት አትሙት እንይ» አለው። እንደዚያ ነው ያለው።

ስንዱን በረንዳው ላይ አስተኛናት። ንፋሱ ዝናብ እየቀላቀለ ፊቷ ላይ ይመታል። ብርቄ እግሯን ታሻለች፤ እኔ ስሟን እጠራለሁ። ትንፋሿ አለ፤ ግን አንዱ ከሌላው ይርቃል። ጀርባዬ ላይ ሕፃኑ እንደ ድንጋይ ነው። አውርጄ ልየው አልኩ፤ ደግሞ ፈራሁ። ካየሁት ሞቱ እውነት ይሆናል ብዬ ነው። በመጨረሻ አወረድኩት፤ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዞርኩት። ከንፈሩን አላወሰ። አስነጠሰ። ከዚያ ቀጠን ያለ፣ የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ አወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ እስኪሰለቸን ድረስ አለቀሰ። እትዬ ጥሩዬ ከእጄ ነጠቁኝ። ጩኸታቸውን አቆሙ።

ስንዱ ግን ቆየች። ኮንቮዩ ከታች በመንገዱ ሲያልፍ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ከዚያ እጇን ወደ ፊቷ አነሳች፤ ዝናቡን ጠረገች። ዓይኗን ገለጠችና «ምነው፣ ደጅ አስተኛችሁኝ?» አለች።

መልኬ ያን ጊዜ ነው ሳይላክ ሮጦ ከጤና ጣቢያው ድሬሰሩን ያመጣው። ድሬሰሩ ጫማው ጭቃ እንደሆነ ገባ፤ ጓዳውን አየ፤ ብርድ ልብሱን፣ የተደፈነውን ቀዳዳ አየ። «ከሰሉ ነው» አለ። «ፍሙ ሲነድ መርዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ጭሱ ስላለቀ አለቀ ማለት አይደለም።»

እትዬ ጥሩዬ ሕፃኑን እንዳቀፉ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ድሮም?»

«ቤቱ ከታፈነ፣ ድሮም አሁንም።»

ሕፃኑን ለእኔ ሰጥተው ዘነዘናውን አነሱ፤ በርጩማ ላይ ቆመው ያንን የጣሊያን ቀዳዳ ይደበድቡት ጀመር። ጭቃው፣ ጭዱ፣ የወፍ ጎጆው ሁሉ ላያቸው ላይ ረገፈ። ብርሃን እስኪገባ ድረስ አላቆሙም። እኔ ንዴት ነው ብዬ ነበር።

እኔን የለወጠኝ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ይኸ የበር ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ባደርኩበት ቤት ሁሉ፣ ሰው ይሳቅብኝ አይሳቅብኝ፣ ፍም ያለበት ቤት ሳይከፈት አልተኛሁም። እናንተም የምታነቡኝ፣ አሁን ቤቱ ሁሉ ሲሚንቶና መስተዋት ሆኗል፤ እንደ ድሮው ሳር ቤት አይተነፍስም። መብራት ጠፍቶ ከሰል ስታስገቡ «ጭሱ አልቋል» አትበሉ። ራስ ምታት ሲጀምራችሁ ወደ ደጅ ውጡ፤ ሕፃን ካለ መጀመሪያ እሱን አውጡ። ብርድ በጋቢ ይመለሳል።

ሁለተኛው ብርቄ ናት። በነጋታው መንደሯ ሄድኩ፣ ቤቷ ገባሁ፣ በላሁ። ሰው አይቶኛል፤ የሚለውን ብሏል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አርፍባት ነበር። እትዬ ጥሩዬም ሁልጊዜ ገብስ ወይም ባቄላ ቋጥረው «ይኸን ለብርቄ አድርሽልኝ» ይሉኛል። አንድም ቀን ራሳቸው አልወረዱም። ለስንዱ ውለታ ነው ብዬ አደርስ ነበር። ብርቄም ትቀበልና ሳትናገር ታስቀምጠዋለች። አንድ ክረምት ቋጠሮዬን ይዤ ብሄድ ቤቱ ባዶ ነው። መንደርተኛው በሙሉ በአርማጭሆ አድርጎ ወደ ሱዳን ሄዷል አሉኝ። ገብሱን ለእትዬ ጥሩዬ መለስኩላቸው። ተቀብለውኝ ጓዳ ገቡና እስክሄድ አልወጡም።

ደርግ ከወደቀም በኋላ ዓመታት አለፉ። እትዬ ጥሩዬ ሞቱ። እኔም አረጀሁ፤ ጎንደር ገባሁ። አንድ የጥምቀት ማግሥት ቀሐ ወንዝ ዳር ስንዱን አገኘኋት፤ ያ ሕፃን ጎረምሳ ሆኖ ከጎኗ ቆሟል። ተቀምጠን ስናወራ፣ አማቷ ሊሞቱ ሲሉ የነገሯትን ነገረችኝ።

እትዬ ጥሩዬ ከደሳለኝ በፊት ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ያች ልጅ በተወለደች በቀናት ውስጥ፣ በዚያው ጓዳ፣ በክረምት፣ ከሰል እንደገባ ሞተች። ሸክላ ሠሪ በላቻት ተባለ። ሰው ወጥቶ የሸክላ ሠሪዋን ቤት አቃጠለ፤ ሴትዮዋም በዚያው ሰበብ ብዙ ሳትቆይ ሞተች። የብርቄ እናት ነበረች። ብርቄ ቤታቸው ሲቃጠል ለአቅመ ማስታወስ የደረሰች ልጅ ነበረች፤ የማን ቤት ልጅ ሞታ እንደተቃጠለም ታውቃለች። ያን ቀን መልኬ ሲጠራት፣ ገብታም ስትንበረከክ፣ የስንዱንም እግር ይዛ ስታወጣልኝ ታውቅ ነበር።